ሳይመዘን የሚመዝን ምላስ

በአምቦና በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች፣ በጉደርም ይሁን በጊንጪ፣ በጌዶም ይሁን በሸነን፣ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ከአንድ ወጣት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ያንኑ የአምቦ ውሃ ሲጠጡ፣ ሽማግሌው «የድሮው አምቦ አፍንጫ ሰርስሮ ዓይን ያስነባ ነበር፤ የዛሬው ልዝብ ነው» ብለው ሲያዝኑ፣ ወጣቱ ደግሞ «እንዲያውም በዛብኝ፣ አባባ» ብሎ ብርጭቆውን ወደ ጎን ሲገፋ መስማት የተለመደ ነው። ውሃው ተለውጦ ይሆናል፤ ወይም ውሃው እንደ ነበረ ሆኖ የሽማግሌው ምላስና አፍንጫ በዕድሜ ብዛት ደክመው ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ሁለቱም እንደ ነበሩ ሆነው፣ የልጅነት ትዝታ የማይደረስበትን ጣዕም ለራሱ ፈጥሮ ይሆናል። ከሦስቱ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ በጠረጴዛው ዙሪያ ሊፈርድ የሚችል ማንም የለም፤ ምክንያቱም ለፍርድ የቀረበው ውሃው ብቻ ሆኖ፣ ዳኛው ምላስ ራሱ ማን እንደሆነና እስከ ምን ድረስ እንደሚሰማው የጠየቀው የለምና።

በዚህ ጽሑፍ በውሃው ላይ ለመፍረድ አልተነሣሁም፤ በዳኛው ላይ እንጂ። በአገራችን ስለ ውሃ፣ ስለ ማር፣ ስለ ቅቤ፣ ስለ ጠጅና ስለ ጠላ የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ የሚያልቀው በሰው ምላስ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ያ ምላስ ከመመዘኑ በፊት ራሱ ሊመዘን ይገባዋል የሚል እምነት አለኝ፤ ይህም ሥራ ለጠቢባን ብቻ የተተወ ምስጢር ሳይሆን፣ በጥቂት ብርጭቆና በጥቂት ጨው ሊፈጸም የሚችል ቀላል ነገር መሆኑን ለአንባቢ ለማስረዳት እሞክራለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመን ስጠቅስ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

አምቦ የጣዕም ክርክር ቢበዛባት አይደንቅም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችውና በቀድሞው ዘመን የጅባትና ሜጫ አውራጃ ርእሰ ከተማ ሆና ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ፣ ስሟ በመላው ኢትዮጵያ የተሰማው በፍል ውሃዋና በሰንቀሌ በሚታሸገው ማዕድናዊ ውሃዋ ነው። ውሃው በጠርሙስ መሸጥ ከጀመረበት ከ1930 ወዲህ፣ ስሙ የአንዱ ምንጭ መጠሪያ መሆኑ ቀርቶ ጋዝ ላለው ውሃ ሁሉ የወል ስም እስከ መሆን ደርሷል። እሳተ ገሞራ በሠራው በዚህ ምድር ከጥልቅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃው ጋር ሲገናኝ ውሃውን በመጠኑ አሲድ ያደርገዋል፤ አሲድ የሆነው ውሃም ዓለቱን እያሟሟ ሶዲየምን፣ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን ይዞ፣ ባይካርቦኔት የተባለውን ጨው ተሸክሞ ወደ ላይ ይፈልቃል። ስለዚህ የአምቦን ውሃ የሚቀምስ ሰው የሚቀምሰው አንድ ነገር አይደለም፤ የጋዙን መቆንጠጥ፣ የአሲዱን መኮምጠጥ፣ የጨዎቹንም ልስላሴ በአንድ ጉንጭ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዳኛው እንመለስ፤ የሰውን ሕዋሳት በቁጥር የመለካት ትምህርት የተጀመረው በጀርመን አገር፣ በላይፕሲግ ከተማ ነው። በዚያ ያስተምር የነበረው ኤርንስት ቬበር በ1834 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ክብደትን በእጁ የሚመዝን ሰው የሁለት ነገሮችን ልዩነት የሚያውቀው ልዩነቱ ከመጀመሪያው ክብደት ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ብቻ መሆኑን አሳየ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጉስታቭ ፌሕነር፣ የፀሐይን ብርሃን አብዝቶ በመመልከት ዓይኑን እስከ መጉዳትና ለዓመታት በጨለማ ክፍል እስከ መቀመጥ የደረሰ፣ ሕዋሳትን በገዛ ሥጋው የመረመረ ሰው፣ በ1860 የነፍስንና የሥጋን ግንኙነት በሒሳብ የሚያስረዳ ታላቅ ሥራ አወጣ። ከዚህ ሥራ ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገን አንድ አሳብ ነው፤ ይኸውም ማንኛውም ነገር በሕዋሳት በኩል ወደ ሰው ልቡና ከመግባቱ በፊት ሊሻገረው የሚገባ ደፍ አለው፤ ከዚያ ደፍ በታች ያለው ነገር በአፍ ውስጥ ቢኖርም ለሰውየው እንደሌለ ይቆጠራል የሚለው ነው።

በጣዕም ረገድ ደፉ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አንድ ሰው «ይህ ውሃ ከዚያኛው ይለያል፤ ምን እንደገባበት ግን አላውቅም» የሚልበት መጠን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከፍ ብሎ «ጨው ነው» ወይም «ስኳር ነው» ብሎ በስሙ የሚጠራበት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ስፍራ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ሰውየው የሆነ ነገር እንዳለ በእርግጥ ያውቃል፣ ምንነቱን ግን ሊናገር አይችልም፤ ብዙውን ጊዜ ጨውን ጣፋጭ፣ ጣፋጩንም መራራ ሲል የሚሰማው በዚህ ስፍራ ላይ ነው። ሁለቱም ደፎች በአንድ ቁጥር ላይ የተቸነከሩ አይደሉም፤ ያንኑ መጠን አንድ ሰው አሁን ሲያውቀው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሊስተው ይችላልና፣ መርማሪዎች ደፍ የሚሉት ከተቀመሰው ጊዜ እኩሌታውን የሚታወቀውን መጠን ነው።

እንዴት ይለካል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነውና።

ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው መንገዱ አጭር ይመስላል፤ ለሰውየው ጨው የገባበትን ውሃ ሰጥቶ «ተሰማህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። በኢትዮጵያ ምድር ግን ከዚህ የከፋ መለኪያ የለም። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፤ እንግዳ በሰው ቤት የቀረበለት ወጥ ጨው ቢያንሰውም ቢበዛውም «እጅግ ይጣፍጣል» ይላል፤ ታናሽ ታላቁ የተናገረውን ጣዕም አልሰማሁም ለማለት ያፍራል፤ በሙያው የተከበረ ሰውም ምንም ሳይሰማው «አልተሰማኝም» ብሎ ክብሩን ከማቃለል ይልቅ «ጥቂት ነካ አድርጎታል» ማለትን ይመርጣል። ይህ ሁሉ ጨዋነት ነው፤ ነገር ግን ለለካው ሰው የሚደርሰው የምላስ ምስክርነት መሆኑ ቀርቶ የጠባይ ምስክርነት ይሆንበታል። ፈረንጆችም ቢሆኑ ከዚህ ችግር ነጻ አልነበሩም፤ ደፋሩ ሰው ሁሉ «ሰማሁ»፣ ጠንቃቃው ሁሉ «አልሰማሁም» እያለ ሁለቱ እኩል የሆነ ምላስ ይዘው የተለያየ ውጤት ሲያመጡ፣ ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ ተቸግረዋል።

የተገኘውም መድኃኒት ጥያቄውን መለወጥ ነው። ሦስት ብርጭቆ ይቀርባል፤ በሁለቱ ንጹሕ ውሃ፣ በአንዱ ጥቂት ጨው ያለበት ውሃ አለ፤ የትኛው የት እንደሆነ የሚያቀርበው ሰው ራሱ ባያውቀው ይመረጣል፤ ፊቱ እንዳይመሰክር። ቀማሹ የሚጠየቀው «ተሰማህ ወይ?» ሳይሆን «የሚለየው የትኛው ነው?» ተብሎ ነው፤ ባያውቅም እንኳ አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል። በዚህ ጊዜ ይሉኝታ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርም፤ ትሑቱም ትዕቢተኛውም፣ ታላቁም ታናሹም፣ እኩል አንድ ብርጭቆ ማንሣት ብቻ ነው የሚችሉት። በእርግጥ ምንም ሳይሰማው በዕድል የሚያገኝ አለ፤ ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በዕድል ማግኘት ግን ከ9 አንድ፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከ27 አንድ ስለሆነ፣ ልምምዱ በተደገመ ቁጥር ዕድል እየከሳ እውነተኛው ምላስ እየጎላ ይሄዳል።

መጠኑም ከደካማው ወደ ብርቱው፣ በየደረጃው እጥፍ እየሆነ ይወጣል። ለምሳሌ በአንድ ሊትር ውሃ 0.1 ግራም ጨው፣ ቀጥሎ 0.2፣ ቀጥሎ 0.4፣ ቀጥሎ 0.8፣ ቀጥሎ 1.6 ግራም ይሁን እንበል። አንዲት ሴት በ0.2 ስታ፣ ከ0.4 ጀምሮ ግን እስከ መጨረሻው ሳትስት ብትመርጥ፣ ደፏ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል አለ ማለት ነው፤ ሁለቱን አባዝቶ ሥረ ካሬውን በማውጣት 0.28 ግራም ተብሎ ይመዘገባል። ከደካማው መጀመር የሚያስፈልገው ብርቱው ከቀደመ ምላስ ስለሚደነዝዝ ነው። ይህን ያህሉን ለማወቅ ደግሞ ወደ ላይፕሲግ መሄድ አያስፈልግም፤ በቃና ዘገሊላ ሰርግ የነበረው ሊቀ ምርፋቅ፣ ሰው ሁሉ መልካሙን ወይን አስቀድሞ፣ እንግዶቹ ከጠጡ በኋላ ግን ተርታውን ማቅረብ ልማዱ እንደሆነ መናገሩን ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፎልናል፤ የሚቀመሰው ነገር ቅደም ተከተል ሥርዓት እንደሚያስፈልገው የታወቀው ያን ጊዜም ነበር።

ይህን የመሰለ ልኬት በብዙ ሰዎች ላይ ተደርጎ፣ የሕክምና ተማሪዎች በሚማሩበት የፊዚዮሎጂ መጽሐፍ የሰፈረው አማካይ መጠን፣ ለስኳር በሊትር 3.4 ግራም፣ ለገበታ ጨው 0.6 ግራም ገደማ፣ እጅግ መራራ ለሆነው ለኪኒን ግን ከ3 ሚሊ ግራም ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ስለ መጠጥ ውሃ ባወጣው መመሪያ፣ ሶዲየም በውሃ ውስጥ የሚታወቅበትን መጠን በሊትር 200 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያደርገው፣ ከጨው ደፍ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ እናገኘዋለን። ልብ በሉ፤ ምላስ ኪኒንን ከስኳር ይልቅ ከሺህ ጊዜ በላይ አስቀድማ ታውቃለች። ለምግብ የሚሆነውን ጣፋጭ ለመለየት ብዙ የምትጠብቀው ምላስ፣ መራራውን ለመለየት ይህን ያህል የፈጠነችው፣ የዕፀዋት መርዝ አብዛኛውን ጊዜ መራራ በመሆኑ፣ ጠባቂ ሆና በደጅ እንድትቆም ነው ብለው የሚያስረዱ ሊቃውንት አሉ፤ እኔም ይህን አሳብ እቀበለዋለሁ።

ነገር ግን ጠባቂዋን ከሚገባው በላይ አምነናታል። በቀድሞው የመኳንንት ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊው ከብርሌው ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ በጌታው ፊት ይጠጣ እንደነበር የታወቀ ነው፤ ሥርዓቱ ክቡርና ብልኅ ነው፤ ሆኖም ያ ሰው ይከላከል የነበረው የሚመረውን ወይም ፈጥኖ የሚገድለውን መርዝ ብቻ ነበር። ዛሬ በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ አካባቢም ሆነ በዝዋይ ዙሪያ፣ የብዙ ሰዎችን ጥርስ ያበለዘውና የአንዳንዶቹንም አጥንት ያጎበጠው ፍሎራይድ በውሃው ውስጥ ሲጠጣ አንድም ምላስ አልመሰከረበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ ብዙ ቢተርፍም እንኳ የሚጠጣው ሰው «መልካም ውሃ ነው» ብሎ አመስግኖ ይጠጣዋል። በአንጻሩ ውሃን ለማከም የሚጨመረው ክሎሪን፣ መመሪያው እስከ 5 ሚሊ ግራም ቢፈቅድም፣ አንዳንድ ሰው ገና በ0.3 ሚሊ ግራም ይሰማዋል፤ ተሰምቶትም «ይህ ውሃ መድኃኒት ገብቶበታል» ብሎ የቧንቧውን ትቶ ወደ ምንጭ ይሄዳል። እንግዲህ ምላስ ጎጂውን አሳልፋ የሚጠብቀውን የምትከስስበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሕዝቡ ሊያውቅ የሚችለው፣ በየከተማው የውሃ አገልግሎት ያሉ ሰዎች የደንበኞቻቸው ምላስ ከየት ጀምሮ ክሎሪንን እንደሚያውቅ ለክተው ካስረዱት ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ «ጠጡት፣ ምንም የለውም» ማለት እምነትን አያመጣም።

ሌላው ነገር የሰው ምላስ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። በ1931 በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ የኬሚስትሪ ሊቅ የነበረው አርተር ፎክስ አንድ ዱቄት ሲገለብጥ ብናኙ በክፍሉ ውስጥ ቢበተን፣ አጠገቡ የነበረው ባልደረባው «እንዴት ይመራል!» ብሎ ጮኸ፤ ፎክስ ግን ምንም አልተሰማውም። ሁለቱ ተከራክረው ዱቄቱን ቢቀምሱት አንዱ እውነቱን ነው፣ ሌላውም እውነቱን ነው። ፊኒልታዮካርባማይድ የተባለው ይህ ነገር ለአንዱ እንደ ኮሶ ሲመር ለሌላው እንደ ጠመኔ ጣዕም የለሽ እንደሚሆን፣ ጠባዩም ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚወርድ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ተረጋገጠ፤ ምክንያት የሆነውም የዘር ቅንጣት በ2003 ተለይቶ ታወቀ። እንግዲህ ስለ ጌሾ ምሬት በአንድ ጠላ ዙሪያ የሚጣሉ ባልና ሚስት ቢኖሩ፣ ማን እንደ ዋሸ ከመፈለግ በፊት የሁለቱን ምላስ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ጋዙም አንድ ነገር ልጨምር፤ ለአምቦ ሰው ሳይነገር ሊታለፍ አይገባውምና። ጋዝ ያለው ውሃ ምላስን የሚቆነጥጠው አረፋው ስለሚፈነዳ ብቻ እንደሆነ ብዙዎች ያስቡ ነበር። በ2009 በአሜሪካ የወጣ ምርምር ግን ኮምጣጣን የሚለዩት የምላስ ሕዋሳት በላያቸው አንድ ኤንዛይም እንዳላቸው፣ እርሱም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ አሲድ እየለወጠ እንዲሰማን እንደሚያደርግ በአይጦች ላይ አሳይቷል። ተራራ ወጪዎች ይህን ነገር ሳያውቁት ቀድመው ያውቁት ነበር፤ የከፍታ ሕመም እንዳይዛቸው አሲታዞላማይድ የሚባለውን ክኒን የሚወስዱ ሰዎች ቢራውም ለስላሳውም ጣዕሙ ጠፍቶባቸው ይቸገራሉ፤ መድኃኒቱ ያንኑ ኤንዛይም ስለሚያግድ ነው። ወደ ራስ ዳሸን የሚወጣ ሰው ክኒኑን ውጦ አምቦ ቢከፍት፣ ጠርሙሱ ምንም ሳይጎድለው ውሃው የሞተ ይመስለዋል። በዕድሜ የሚደክመውን ምላስ፣ ከምላስም በላይ የሚደክመውን ማሽተት በዚህ ላይ ስንጨምረው፣ «የድሮው አምቦ» የሚለው አቤቱታ ከፋብሪካው ደጅ ከመድረሱ በፊት በአቤቱታ አቅራቢው አፍ ውስጥ ሊመረመር የሚገባው ስለ ምን እንደሆነ ይገለጻል። ጠርሙሱ መስታወት ወይም ፕላስቲክ መሆኑም የራሱ ድርሻ አለው፤ ፕላስቲክ ጋዙን በቀስታ ያሳልፋልና በመደርደሪያ ላይ የቆየው ይለዝባል፤ ስለዚህ ሽማግሌው እውነት ይዘው ሊሆን ይችላል፤ ለክቶ የነገራቸው ግን የለም።

የቬበር ነገር ደግሞ ለገበያችን ይጠቅማል። ጣዕሙ አስቀድሞ በበረታ ነገር ላይ ጥቂት ቢጨመርበት አይታወቅም፤ ለጨው በተለምዶ የሚጠቀሰው ልክ ከአምስት አንድ ገደማ ነው፤ ይኸውም የተጨመረው ከነበረው አምስተኛ እጅ ካልደረሰ ሰው ልዩነቱን አይሰማም ማለት ነው። አሁን ማርን እንመልከት። ማር ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ስኳር ነው። አጭበርባሪ ስኳር ቢያክልበት፣ ገዢው በጣቱ ጫፍ ቀምሶ በጣፋጭነቱ ሊያውቀው የሚችልበት መንገድ የለም፤ ከወንጪ ተራራ የወረደው እውነተኛው ማርም፣ በከተማ የተቀላቀለውም፣ ለምላስ እኩል ይጣፍጣሉ። ብልኁ ገዢ የሚያውቀው በመዓዛው ነው፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ «ቀምሼ ለየሁት» እያለ ምላሱን ሲያመሰግን ይኖራል፤ ምስጋናው ለአፍንጫው የሚገባ ሆኖ ሳለ። በቅቤ ገበያም እንዲሁ ነው፤ የጊንጪና የሆለታ እናቶች ቅቤውን በጣታቸው ጫፍ ወስደው አስቀድመው ያሸቱታል፣ ከዚያም ይቀምሱታል፤ ይህን ቅደም ተከተል ማንም በመጽሐፍ ሳያስተምራቸው ማወቃቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ሆኖም ከመቶ ስንት እጅ የዘይት ቅልቅል ሲደርስ እንደሚያውቁት በቁጥር ቢለካ፣ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች እንዴት ያለ ሀብት በሆነ ነበር!

አገራችን ይህን ሥርዓት የማታውቀው ሆና አይደለም። በቡና ንግድ የሚሠሩ ቀማሾቻችን ኪው ግሬደር የሚባለውን የዓለም ማዕረግ ለማግኘት፣ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ በኖረው ፈተና ላይ፣ ጣፋጭን፣ ኮምጣጣንና ጨውን በየመጠናቸው ለይተው፣ ከሦስት ሲኒ የተለየውን አንዱን ቀምሰው መምረጥ ነበረባቸው፤ ምላሳቸው ካልተመሰከረለት ድምፃቸው አይሰማም ነበር። በ2020 የቡና ልህቀት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲደረግም፣ የገበሬዎቹን ቡና በነጥብ የለዩት እንዲህ ያሉ የሠለጠኑ ምላሶች ናቸው። እንግዲህ ለባሕር ማዶ ሰው የምንሸጠውን ቡና የሚቀምሰውን ሰው አስቀድመን እንመዝነዋለን፤ ለራሳችን የምንጠጣውን ውሃ፣ ለልጆቻችን የምናበላውን ማርና ቅቤ የሚቀምሰውን ግን በዝናው ብቻ እናምነዋለን። ይህ የሚያሳፍር ነው ብል አላበዛሁም። ለባዕድ የሚገባው ጥንቃቄ ለወገን እንዴት ይበዛበታል?

«የእናቴ እጅ በቁንጥር ጨው ልክ አይስትም፤ ለእርስዋ ሚዛን ምን ይሠራላታል?» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ልክ ነው፤ በእናቱ ቤት ምንም አይሠራም። የወጥ ጣዕም የፍቅርና የልማድ ጉዳይ ነው፤ ደፍን መለካትም ማን ጥሩ ምግብ እንደሚያበስል ሊነግረን አይችልም፤ እጅግ ስል ምላስ ያለው ሰው ምግብ የሚያማርር ሊሆን ይችላል እንጂ የግድ ሙያተኛ አይደለም። ሰው የሚወደውና ሰው የሚሰማው ሁለት ነገር ናቸው፤ በ1982 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ ጨው ቀንሰው ለወራት የኖሩ ሰዎች ከዚያ ወዲያ የሚጣፍጣቸው የጨው መጠን ዝቅ ማለቱን አሳይቷል፤ ቀድሞ አልጫ ይሉት የነበረው በቅቶአቸው ተገኘ። የደም ግፊት በከተሞቻችን እየበዛ በሄደበት ዘመን ይህን ማወቅ ለሐኪሞቻችን ትልቅ ነገር ነው፤ «ጨው ቀንስ» የተባለ ሕመምተኛ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከታገሠ ምላሱ ራሷ እንደምትከተለው ቢነገረው ትእዛዙ ባልከበደበት ነበር።

ስለዚህ አሳቤን በግልጽ ላቅርብ። በ1947 የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረውና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአምቦ ትምህርት ተቋም፣ ከማዕድን ውሃው ምንጭ አጠገብ ተቀምጦ፣ የኬሚስትሪና የእርሻ መምህራን እያሉት፣ የአገሩን ሰው የጣዕም ደፍ የሚለካ አንዲት አነስተኛ ክፍል ቢከፍት እንዴት መልካም ነበር! የሚያስፈልገው ዕቃ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሚሊ ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ጨው፣ ስኳር፣ የሎሚ አሲድ፣ ለምሬቱ ካፌይን፣ ሽታ የሌለው ብርጭቆና የተጣራ ውሃ። በውሃው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በምራቃችን ውስጥ ዘወትር ጨው ስላለ፣ ምላስም ያንን ለምዳ ስለምትኖር፣ ፈጽሞ የተጣራ ውሃ ለአንዳንድ ሰው ኮምጠጥ ወይም መረር ይልበታል፤ አፉን በዚያው ውሃ ደጋግሞ የተጉመጠመጠ ሰውም ጨውን ከሌላው ጊዜ ባነሰ መጠን ያውቃል። ከዚህ የተነሣ ዕለት ዕለት ባይካርቦኔት የበዛበትን ውሃ የሚጠጣ የአምቦ ሰው፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሚጠጣው የአዲስ አበባ ሰው የተለየ ደፍ ሊኖረው ይችላልን? ጥያቄው ራሱ ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ነው፤ በላይፕሲግም ሆነ በአሜሪካ ሊጠየቅ የማይችል፣ እዚሁ ብቻ የሚጠየቅ ነው።

ጾማችንም ሌላው ዕድላችን ነው። ልኬቱ በዐቢይ ጾም መጨረሻ አንድ ጊዜ፣ በበዓለ ሃምሳ መጨረሻም አንድ ጊዜ፣ በዚያው ሰዓት፣ ቡና ሳይጠጣ፣ ሲጋራም ሳይነካ ቢደረግ፣ ቅቤና ሥጋ ለሳምንታት የተለየው ምላስ እነርሱ ከተመለሱለት በኋላ ምን ያህል እንደሚለወጥ በቁጥር እናውቅ ነበር። ጿሚው በብዙ ሺህ ይገኛል፤ ፈቃደኛው ግን የሚገኘው ክብሩ ሲጠበቅለት ነው። በውሃ ማሸጊያና በቢራ ፋብሪካ የጥራት ክፍል የሚሠሩት፣ በጠጅ ቤት የታወቁትም ባለሙያዎች መጀመሪያ ቢገቡ ለሌላው ምሳሌ ይሆናሉ፤ የእያንዳንዳቸው ውጤት ግን በስም ሳይሆን በቁጥር ብቻ ይመዝገብ፤ የአሠሪያቸውም እጅ በመዝገቡ ላይ አይድረስ፤ ምላሱ እንደ ደከመ የታወቀበት አንድ አዛውንት ጠጅ ጣይ በሠፈሩ ስሙ እንዲጠፋ ያደረገ ልኬት፣ ሁለተኛ ተፈታኝ አያገኝምና።